ፍሪጅ በዱቤ

ጎንደር ውስጥ ሰው ምን ያህል እንደሚታመን ለማወቅ ባንክ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ የሰፈር ሱቅ ይበቃል። ባለሱቁ «ዱቤ ዛሬ የለም፤ ነገ ግን አለ» የሚል ጽሑፍ ሰቅሏል። ጽሑፉን የሚያነበው የማይታመን ሰው ብቻ ነው። የታመነው ቀጥ ብሎ ገብቶ «ጻፍብኝ» ሲል ከባንኮኒው ሥር ጠርዙ የተበላ ደብተር ብቅ ይላል፣ ዘይቱም ሳሙናውም ይወጣል። ያ ደብተር ደመወዝ በወጣ ማግስት ማን እንደሚከፍል፣ ማንስ መንገድ ቀይሮ በጓሮ በኩል ቤቱ እንደሚገባ ያውቃል።

ሚስቴን ፍሪጅ አማራት። ፍሪጅ ደግሞ በሰፈር ደብተር አይጻፍም። ፒያሳ ያለው ነጋዴ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን በየወሩ ብለን ከተስማማን በኋላ «ከመሥሪያ ቤቱ የዋስትና ደብዳቤ የሚያጽፍ ተያዥ አምጣ» አለኝ። ተያዥ ፈልጎ የማያውቅ ሰው ወዳጆቹን ገና አላወቃቸውም። ቡና ካልጋበዝኩህ ብሎ እጄን ሲጎትት የነበረ ባልደረባዬ ነገሩን ስጀምርለት ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ወጣ፤ ስልኩ ግን ጠረጴዛዬ ላይ ቻርጅ ላይ ነበር። ሌላው «ለወንድሜ ዋስ ሆኛለሁ» አለኝ። ለእናቱ አንድ ነው። አልፈርድባቸውም፤ ተበዳሪው ሲጠፋ ደመወዙ የሚቆረጠው የዋሱ ነው።

ደግሞ ከድሮው ይሻላል። በድሮው ሥርዓት ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው ከአበዳሪው ጋር በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝቶ ይውል ነበር። የውጭ አገር መንገደኞች አይተው ተገርመው በጽሑፍም በፎቶግራፍም አስቀርተውታል። እኔን የሚደንቀኝ የአበዳሪው ነገር ነው፤ ገንዘቡን ሰጠ፣ ተከለከለ፣ በዚያ ላይ ታሰረ! ባለዕዳው ሲያስነጥሰው የእሱም እጅ አብሮ ይነሳል። እንዲህ ያለ ቅጣት እያለ እንዴት የሚያበድር ሰው እንደተገኘ አይገባኝም።

ባንኮች ዛሬ ያለ ሰንሰለት ይከታተላሉ። ብሔራዊ ባንክ ዘንድ የተበዳሪዎች መረጃ ይሰበሰባል፤ አበዳሪ ባንክ ከመፈረሙ በፊት ያንን ያያል። አዲስ አበባ ላይ ብድር አበላሽቶ ደባርቅ ላይ አዲስ ሰው ልሁን ማለት የለም። ለገጠሩ ደግሞ የአማራ ብድርና ቁጠባ፣ የዛሬው ፀደይ ባንክ፣ በቡድን ዋስትና ሲያበድር ኖሯል፤ ጎረቤታሞች ይቧደናሉ፣ አንዱ ቢያጠፋ ሌሎቹ ይጠየቃሉ። ስለዚህ ቡድን ከመግባታቸው በፊት አንዱ የሌላውን በግ ይቆጥራል፣ ገበያ ውሎ ሲመለስ ስንት ጠላ ቤት እንደሚገባ ያጣራል። ከዚህ የበለጠ ምርመራ የትም አላየሁም።

አሁን ምርመራው ወደ ስልክ ገብቷል። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከዳሽን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» የሚባል ብድር አመጣ። ሌሎችም ተከተሉ። ቤት አስይዝ፣ ተያዥ አምጣ የሚል የለም፤ ገንዘብህ እንዴት እንደሚገባና እንደሚወጣ ታይቶ ልክህ ይነገርሃል። እኔም ተያዥ ሲጠፋ ልኬን ጠየቅኩ። ከማን እንደጠየቅኩ ይቅር። የተፈቀደልኝ ብር የፍሪጁን በር እጀታ ቢገዛ ነው። ደመወዜ ገብቶ ሳያድር ስለሚወጣ፣ ማሽኑ ያየው ባዶ ቤት ነው።

ደባት ያሉት አማቴ ግን ገብስና ነጭ ሽንኩርት ይሸጣሉ። ገንዘቡ በስልካቸው ይገባል፣ ይወጣል፣ ተመልሶ ይገባል። የልጅ ልጃቸው ልካቸውን ሲያይላቸው የእኔን ብዙ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ዲግሪ አለኝ፤ እሳቸው በጣት ነው የሚፈርሙት። ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ደወልኩ።

«እማማ፣ እንዴት ዋሉ? በስልክዎ ትንሽ ብር ቢበደሩልኝ ብዬ ነበር።»

«ለምኑ ነው ልጄ?»

«ለፍሪጅ።»

«ምን ያደርጋል?»

«ያቀዘቅዛል።»

ዝም አሉ። ደባት ላይ ውርጭ የገብስ ቡቃያ ያቃጥላል፤ እሳቸው ከጋቢ ላይ ጋቢ ደርበው ነው የሚያነጋግሩኝ።

«ለብርድ ትበደራለህ?» አሉኝ በመጨረሻ። «ቅቤውን ወደ እኔ ላኩት። እዚህ በነጻ ነው።»

ጎንደር ከደባት ይልቅ እንደምትሞቅ፣ ወጥ እንደሚበላሽ፣ ልጃቸው እንደጠየቀችኝ አስረዳሁ። ልባቸው ራራ መሰለኝ።

«እሺ። ዋስህ ማነው?»

«ልጅዎ ናታ!»

«ኧረ ወዲያ! ለፋሲካ ድፎ ልድፋበት ብላ ምጣዴን ከወሰደች ሌላ ፋሲካ መጣ።»