ፈረሱ ነው ያለው

ትዝታ በሽታ መሆኑን የተረዳ አስተዳደር በማግኘታችን ዕድለኞች ነን። ሌላው ዓለም በሽታውን በዘፈን ያባብሰዋል፤ እኛ በዶዘር እናክመዋለን። ሰው ያመሸበትን ቤት ባየ ቁጥር ሆዱ ይባባል። ቤቱ ከሌለ ምን አይቶ ይባባል? በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ ይህን ሕክምና አግኝተዋል። እኔም ከታካሚዎቹ አንዱ ስለሆንኩ ምስጋናዬን በጽሑፍ ላቀርብ ተነሣሁ። ከወዲሁ ግን አንድ ነገር ልናገር፤ እዚህ የማቀርበው ሰም ብቻ ነው። ወርቅ የሚመለከተው ብሔራዊ ባንክን ስለሆነ፣ ወርቅ አገኘሁ የሚል አንባቢ ካለ እዚያው ወስዶ ያስረክብ።

የአራዳ ሌሊት ሲነሣ ውቤ በረሃ መነሣቱ አይቀርም። ስሙ የደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ነው። በረሃ የተባለው ግን፣ ኪሱን ሞልቶ የገባ ሁሉ ደርቆ ስለሚወጣ ይመስለኛል። በ1960ዎቹ ልጁ የጠፋበት አባት “በረሃ ገባ” ሲል “የትኛው?” ተብሎ ይጠየቅ ነበር። ወደ አንዱ በረሃ ጠመንጃ ይዘው ይገባሉ፤ ወደ ሌላው የወር ደመወዝ። ጠመንጃ ይዘው የገቡት ኋላ ከተማ ገብተው ቢሮ ያዙ። ደመወዝ ይዘው የገቡት ግን እስከ ዛሬ አንድ ወንበር አልደረሳቸውም። አገር ከየትኛው በረሃኛ የበለጠ እንደተጠቀመች ማወዳደሩን ለታሪክ ምሁራን እተዋለሁ፤ እኔ ወገንተኛ ነኝ።

ደርግ ሰዓት እላፊ ሲያውጅ ማምሸት ቀርቶ ማደር መጣ። በሩ እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ይቆለፋል፤ ራስ ሆቴል አይቤክስ፣ ሂልተን ዋልያስ ባንድ ይጫወታል፤ ሰው እስኪነጋ ይጨፍራል። መውጣት ክልክል ስለሆነ ሚስቱን የሚፈራ ባል ሁሉ ደርግን ያመሰግን ነበር፤ አብዮቱ ከልቡ የተደገፈው ምናልባት እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው። ሕዝብ በተቆለፈበት ቤት እየጨፈረ የሚያድርበት ያ ዘመን አልፏል። ዛሬ ማንም አይቆለፍበትም። በሩም የለም።

ከሁሉ የሚናፍቀኝ የካዛንቺስ አዝማሪ ቤት ነው። (ናፍቆቱ የሕክምናው የጎንዮሽ ጉዳት ስለሆነ ያልፋል።) ክፍሏ ጠባብ ናት፤ በግድግዳው ዙሪያ ዝቅ ያለ መቀመጫ፣ መሐሏ ለእስክስታ የምትበቃ ባዶ ቦታ። ብርሌውን አንገቱን ይዘህ ገና አንድ ጊዜ ሳትጎነጭ አዝማሪው መሰንቆውን ደረቱ ላይ አስደግፎ ፊትህ ይቆማል። መጀመሪያ የሚያየው ጫማህን ነው። ከዚያ አብራህ የመጣችውን። ከዚያ ጎረቤትህን በጥቅሻ ስምህን ይጠይቅና በአንድ ስንኝ ያነግሥሃል፤ ብሩን ግንባሩ ላይ ካልለጠፍክለት በሁለተኛው ስንኝ ያወርድሃል። ሹመትና ሽረት እንደዚያ ግልጽ በሆነ ዋጋ ሲካሄድ ሌላ የትም አላየሁም።

ጥግ ላይ ያለው ሞቅ ያለው ሰውዬ ደግሞ “ተቀበል!” ይላል። ሰጪው ስንኙን ይወረውራል፤ አዝማሪው ቃል በቃል ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ነገር ቢመጣ ሰጪው “የዘፈነው እሱ ነው” ይላል፤ አዝማሪው “የተቀበልኩትን ነው” ይላል። ይህን አሠራር አዝማሪ ቤት ተምረው መሥሪያ ቤት የወሰዱት ብዙ ናቸው፤ እዚያ ግን ዜማ የለውም። ጓዳ ውስጥ ጠጅ ጣይዋ ሰፈፉን ገፍፋ ትጥላለች። ሳሎን ያለው አዝማሪ ሰሙን ለእንግዳ ያቀርባል፤ የተጣራውን ለሚያውቅበት ያስቀምጣል።

ለኪዎች ወደ ሰፈሩ በመጡበት ሰሞን አንዱ ሰጪ እንዲህ ብሎ ነበር፦

ሜትር ይዘው መጡ በጠዋት ቆጠሩት፣
እኔ “ሰፈሬ” ስል እነሱ ሰፈሩት።

ሁላችንም ሳቅን። ስለ እህል ንግድ መሆኑ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ ከነቤቶቹ ተነሣ፤ ባሕር ማዶ ሳይቀር ስሙ የታወቀው አዝማሪ ቤት ፈንድቃም ከቦታው ለቀቀ።

አሁን ከተማው በብርሃን ተጥለቅልቋል። ሰው እንኳ ሳይለፋበት ሰፈሩ ራሱ በራ። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር የውቤ በረሃን ሌሊት የጻፈበትን መጽሐፍ “ሌቱም አይነጋልኝ” ብሎታል፤ ዛሬ ቢኖር “ቀኑም አይመሽልኝ” ብሎ ያርመው ነበር። ዘንባባዎቹ በሥርዓት ተሰልፈዋል። ጥላ የላቸውም፤ የሚጠለልም ስለሌለ ከማንም አልተጣሉም። ሕንፃዎቹ አንድ ዓይነት ግራጫ ተቀብተዋል፤ ማታ ሞቅ ብሎት የሚገባ ሰው ቤቱን ሊሳሳት ይችላል ብዬ ሰግቼ ነበር፤ ለካ ሞቅ የሚልበት ቦታም አብሮ ተነሥቷል። እቅድ ማለት ይህ ነው።

አንድ ምሽት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ብዬ ወጣሁ። ሣር የሚያጠጣ የጥበቃ ልጅ “ምን ጠፋብዎት ጋሼ?” አለኝ። “እዚህ ጠጅ ቤት ነበር፤ እዚያ ማዶ ዳቦ ቤት፤ ከጀርባው ደግሞ...” ብዬ ስቀጥል ልጁ ሊረዳኝ ፈልጎ እጁን ወደ ምኒልክ አደባባይ ዘረጋ። መልሱን በስንኝ አድርጌ ወደ ቤቴ ገባሁ፦

ጠጅ ቤቶቹ የት ናቸው ብዬ ብጠይቀው፣
ሐውልቱን አሳየኝ፣ ፈረሱ ነው ያለው።

ልጁ አልዋሸም፤ ያ ፈረስ አለ። ጣሊያን ከነጋላቢው ነቅሎት፣ ነፃነት ሲመለስ ተመልሶ የቆመ ፈረስ ነው። የፈረሰ አይመለስም የሚሉ ሰዎች እሱን ሄደው ይዩት።

ጣሊያንን ካነሣሁ አይቀር፣ ግራዚያኒ ከየካቲት 12 ቀን 1929ኙ ጭፍጨፋ በኋላ ጠንቋይና አዝማሪ እየተለቀመ እንዲገደል አዝዞ ነበር። ቋንቋውን ሳያውቅ ምን እንደተባለ ስለ ገባው ነው የደነገጠው። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ግን አዝማሪን ለምን ይነካል? ያጨበጭብለታል። አዳራሽም ይሰጠዋል።

እኔም ማምሸት አምሮኝ አንዱ አዳራሽ ገባሁ። መግቢያው በቲኬት ነው፤ ጠጁ በታሸገ ጠርሙስ ይቀርባል፤ መጠጥ ዝርዝሩ ላይ “ባህላዊ” ተብሎ በዋጋው ተጽፏል። አዝማሪው የካዛንቺሱ ነው፤ ካባ አልብሰውታል። መሰንቆው ያው መሰንቆ፣ አውታሩም ያው ጭራ፤ ከፈረሱ የተረፈች እሷ ናት። የሚያዜመው ስለ እንግዶች ማማር፣ ስለ አምፖሎቹ ብዛት፣ ስለ ወንዙ ዳር መናፈሻ ነው። ሁሉም እውነት ነው፤ ለዚህም ነው ማንም ያልሳቀው።

ከኋላ በኩል ግን የድሮ ሰጪ ድምፅ “ተቀበል!” አለ። አስተናጋጆቹ ዞሩ። አዝማሪው ሊተወው እንዳሰበ አየሁት፤ እጁ ግን ቀድሞት ደጋኑን አነሣ። ድሮ ቤት የነበራት ኮማሪት ስለ ወዳጇ የምታንጎራጉረው ነው፦

ቤቴን ለቀቅኩለት፣ ይደር ብዬ አዝኜለት፣
ካሳ “እመጣለሁ” ብሎ ቀረ በዚያው ሌሊት።

ሦስት ጠረጴዛ በሳቅ ፈረሰ። ፊት ለፊት የተቀመጠው ባለ ሙሉ ልብስ አልሳቀም። ቀስ ብሎ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣና አዝማሪውን በጣቱ ጠርቶ፣ “ካሳ ማነው?” አለው።

“የድሮ ደንበኛ ነው፣ ጌታዬ።”

“የአባቱ ስምስ?”

“የአባቱን ስም አልነገሩንም፤ ይመጣል ብቻ ነው ያሉን።”