የጆሮ አበሳ

እኔ የምለው፣ ዘፈን መስማት የፊዚክስ ፈተና የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? በእኛ ጊዜ ካሴቱን መክተት፣ ቁልፉን መጫን፣ አለቀ። ዘፋኙ ድምፁ እየተጎተተ ከመጣ «ድንጋይ ደክሟል» ይባላል፤ ድንጋዩ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ማታ ተመልሶ ያዘፍናል። «ጋሼ፣ ኢምፔዳንሱ አልተጣጣመም» የሚል ዘመድ አልነበረንም። አሁን በየቤቱ አንድ አንድ አለ። የእኔው ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው፤ ግን በስልክ ይደርስብኛል።

ይኸው የወንድሜ ልጅ ለገና መጥቶ የድሮ አይፖዱን ሰጠኝ፤ ያንን ክብ መዘወሪያ ያለውን፣ ፋብሪካው በ2014 እ.ኤ.አ. ማምረቱን ያቆመውን። «160 ጊጋ ነው ጋሼ፤ 40,000 ዘፈን ይይዛል» አለኝ፣ የደም ሥሬ እስኪቆም እንድደነቅለት እየጠበቀ። አንዱን ዘፈን አራት ደቂቃ በሉት፤ ሌት ተቀን ሳይቋረጥ 111 ቀን ይፈጃል። ሁለት ዐቢይ ጾም! ጥላሁን፣ ብዙነሽ፣ ማህሙድ፣ ዓለማየሁ ተደምረው እንኳ አንዱን ጥግ አይሞሉትም።

አብሮ የጆሮ ማዳመጫ ሰጠኝ። ግዙፍ ነው፤ ጆሮን ውጦ ጉንጭ ላይ ይደርሳል፤ በውጭ በኩል ወንፊት ነው። ኦፕን ባክ ይሉታል። ጀርባው ክፍት ስለሆነ ድምፁ አይታፈንም፤ ሳክስፎኑ በአንድ በኩል፣ ኦርጋኑ በሌላ በኩል ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። ይህን አልክድም፤ ደስ ይላል። ነገር ግን ወንፊት ወንፊት ነው፤ የውጩ ይገባል፣ የውስጡ ይወጣል። ባለቤቴ አጠገቤ ምስር እየለቀመች «ይቺን ዘፈን ስወዳት» አለችኝ። ምኑ ነው ታዲያ የጆሮ ማዳመጫ የሚያሰኘው? ሚኒባስ ውስጥ ባደርገው ረዳቱ ሊጨፍር ነው።

ዋናው ጉድ ግን 300 ኦም መሆኑ ነው። ኦም ያ ኢምፔዳንስ የሚሉት የኤሌክትሪክ ግትርነት መለኪያ ነው። ማጫወቻዋ ከዚያች ከሲታ ባትሪዋ አንድ ቮልት ትሰጣለች እንበል፤ 32 ኦም የሆነ ማዳመጫ በዚያ ቮልት 31 ሚሊዋት ያህል ያገኛል፤ 300 ኦሙ ግን ሦስት ሚሊዋት ቢያልፍ በጥቂት ነው። ዋጋው ብዙ፣ ኮታው አንድ አሥረኛ! ዘፈኑ አይሰማም ብል ኃጢአት ይሆንብኛል፤ ይሰማል። ግን ከበሮው ጉልበት የለው፣ ቤዙ የለ፤ ድሮ ዝቅ ብሎ ከተቀዳ ካሴት በተጫነ ዘፈን ላይ ደግሞ መዘወሪያውን እስከ ጥግ አዙሬም ዘፋኙ ምን እንደሚል በግምት ነው።

«ማጉያ ያስፈልግዎታል» አለኝ የወንድሜ ልጅ በስልክ። ለኪስ ማጫወቻ የኪስ አምፕሊፋየር!

ሱቅ ሄድኩ። ዶላር በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከ2016 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ መጠየቅ ራሱ ወኔ ይጠይቃል። ባለሱቁ የልጅ ልጄ ቢሆን የሚያንስ ነው። «ፋዘር፣ ኦሪጅናል ነው» አለኝ። መቼም በዚህ አገር ፌክ እሸጣለሁ ያለ ነጋዴ እስካሁን አልገጠመኝም። ማጉያው ከክብሪት ቤት ከፍ ይላል፤ የራሱ ባትሪ አለው፤ የራሱ ቻርጀር አለው፤ የራሱ ሽቦም ይፈልጋል። ምክንያቱም ማጉያው በማዳመጫው ቀዳዳ ከተሰካ አንዴ የጎላውን ድምፅ ደግሞ ማጉላት ነውና፣ ጉድለቱም አብሮ ይጎላል። ጨዋው መንገድ በአይፖዱ ግርጌ ካለው ሰፊ መሰኪያ ያልጎላውን ድምፅ በአጭር ሽቦ አውጥቶ ለማጉያው መስጠት ነው። ከዚያ ሁለቱ እንዳይለያዩ በላስቲክ ይታሰራሉ። ላስቲኩን ባለሱቁ መረቀልኝ።

እስቲ ይህን ኮት ኪስ ውስጥ ከትታችሁ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በር ላይ ሂዱ። ፈታሹ ኪሴን ዳበስ አደረገና እጁ ቀጥ አለ። ሁለት ጥቁር ሣጥን፣ በላስቲክ የተጠፈረ፣ በአጭር ሽቦ የተያያዘ፣ አንዷ ላይ ሰማያዊ መብራት ብልጭ ትላለች። «አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?» «ዘፈን ነው።» «የቱ?» «ሁለቱም።» ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከጥርጣሬ ያወጣኝ ማዳመጫውን ፈታሹ ጆሮ ላይ ሰክቼ ማህሙድን ማሰማቴ ነው፤ ከዚያ በኋላማ አልመልስም ብሎ አስቸገረኝ። በአሜሪካ ቹ ሞይ የሚባል ሰው ባወጣው ንድፍ ይህንኑ ማጉያ በሚንት ከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ፣ በባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ ቤታቸው የሚሠሩ ነበሩ አሉ። እንኳን ቆርቆሮ አልያዝኩ።

እኔ የሚገባኝ ነገሩ ከሥሩ መገልበጡ ነው። ሰዉ በስም የታወቀ ማዳመጫ ይገዛና እሱን የሚሸከም ማጉያ ፍለጋ ይወጣል። መንገድ ላይ ለሚሰማ ሰው 32 ኦም ወይም ከዚያ በታች የሆነ፣ በትንሽ ኃይል የሚጮህ፣ ጀርባው ዝግ የሆነ ማዳመጫ ይበቃዋል፤ ማጉያ የሚባል አጃቢም አያሻውም። እንዲያውም ጆሮ ውስጥ የሚወተፉት ትናንሾቹ እጅግ ስሱ ስለሆኑ ማጉያ ሲጨመርባቸው ሿሿታው ይጎላል እንጂ ዘፈኑ አያምርም።

የማጉያው ካርቶን ላይ ደግሞ «እስከ 40,000 ኸርዝ» ይላል። የሰው ጆሮ በልጅነቱ እስከ 20,000 ነው፤ በእኔ ዕድሜ ከላይ ከላዩ ተሸርፎ ግማሽ ቢቀር ተመስገን ነው። የተረፈውን ለማን ነው የከፈልኩት፣ ለሌሊት ወፍ? የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ በ80 ዴሲቤል በሳምንት ከ40 ሰዓት አትለፉ ይላል። አንዱ ግዛና አጉላ ይላል፣ ሌላው ቀንስ ይላል።

ይሁን፣ ተገዛ፣ ታሰረ፣ ተሰካ። ምን ሰማሁ? የወንድሜ ልጅ የጫነልኝ የካሴት ቅጂ፣ የቅጂው ቅጂ ነው። በደርግ ጊዜ ሸክላ ቀርቶ ካሴት ሲነግሥ ሁላችንም ከሰው ተውሰን ስንቀዳ ኖረናል። ያ ሁሉ አሁን በ300 ኦም ጥራት ይሰማል፦ ቴፑ ሲንሿሿ፣ የመቅጃው ቁልፍ ቀጭ ሲል፣ ዘፈኑ መሀል ላይ ደግሞ የሆነ ሰው ግቢ ዶሮ ሲጮህ። ዶሮው ጥርት ብሎ ነው የሚሰማው። አምሃ እሸቴ በ1960ዎቹ ዓ.ም. ያሳተማቸውን ሸክላዎች ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ሲዲዎች ዳግም አውጥቷቸዋል፤ የማጉያው ዋጋ ለእነዚያ ቢውል ዶሮው ባልሰለጠነብን።

ሌላው የሚያናድደኝ ብቸኝነቱ ነው። ሶኒ በ1979 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ዎክማን ሲያወጣ ሁለት የማዳመጫ ቀዳዳ ነበረው። የኩባንያው መሪ አኪዮ ሞሪታ፣ ሰው ለብቻው ጆሮውን ደፍኖ ቢሰማ ነውር ነው ብለው ሰግተው ነው። ብርቱካናማ ቁልፍም ነበረችው፤ ስትጫን ዘፈኑ ዝቅ ይልና የጓደኛ ወሬ በማይክሮፎን ይሰማል። የይሉኝታ ቁልፍ! የእኔ አይፖድ ላይ የለችም።

ይህንኑ ለወንድሜ ልጅ ነገርኩት። «ቀላል ነው ጋሼ፣ ስፕሊተር አለ፤ ከባለቤትዎ ጋር ይሰሙበታል። ብቻ ለሁለት ማዳመጫ ይሄ ማጉያ ስለሚደክም ከፍ ያለውን እልክልዎታለሁ። ሦስት መቶ ግራም ቢሆን ነው።» ስልኩ ድምጽ ማጉያ ላይ ስለነበር ባለቤቴ ከማድቤት ሰማችው።

«ለእኔ ብላችሁማ አትድከሙ» አለች። «እኔን ወንፊቱ ይበቃኛል፤ ትንሽ ከፍ ያድርገው ብቻ።»