ይድረስ "ወንድ ይዘሽ ነይ" ላለኝ የምርመራ ጣቢያ

ለተከበራችሁ የተሽከርካሪ ዓመታዊ ምርመራ ጣቢያ ኃላፊዎች፤

ስማችሁን ያልጠቀስኩት ለክብራችሁ ተጨንቄ ነው። ስለ ወረፋችሁ፣ ስለማይሠራው ሲስተማችሁ፣ ምሳ ወጥቶ ስለሚቀረው ገንዘብ ተቀባይ አላነሳም፤ እሱን አገር ያውቀዋል። የእኔ ጉዳይ አንዲት ቀይ ፊውዝ ናት።

ተራዬ ደርሶ ወጣቱ መርማሪያችሁ መብራቱን አየ፣ ፍሬቻውን አየ፣ "ክላክስ!" አለ። ተጫንኩት፤ ጭጭ። ሞተር አጥፍቼ ወረድኩና ኮፈኑን ከፈትኩ። ሪሌውን ጎኑ ካለው አምሳያው ጋር አቀያይሬ ሞከርኩ፤ ለውጥ የለም። ከዚያ የክላክሷን ቀይ ባለ 10 አምፔር ፊውዝ በፕላስቲክ መቆንጠጫዋ ነቅዬ ወደ ብርሃን ሳዞራት፣ ውስጧ ያለችው ቀጭን ብረት ተበጥሳለች። መለዋወጫዋ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ነበረች። ሰካኋት። መሪው ላይ ብጫን ክላክሱ ግቢውን አናወጠው።

መርማሪያችሁ ግን ልክ በዚያች ሰዓት "ክላክስ አይሠራም" ብሎ እየጻፈ ነበር። ደግሜ ነፋሁ። ቀና ሳይል "አንዴ ተጽፏል" አለኝ። "ይሰማል እኮ የኔ ልጅ" ብለው እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ "አንቺ፣ ማን ንኪው አለሽ? ሂጂና ወንድ ይዘሽ ነይ" አለኝ፤ እናቱ የምሆነውን ሴትዮ። የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። አንዱማ "እትዬ፣ በአፍዎ ይንፉለት!" ብሎ ጨመረበት። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

ከፊቴ የነበረው ሚኒባስ ግን በክብር አልፏል። ሾፌሩ ወረፋ ላይ እንዳጫወተኝ፣ ፊውዙ እየተቃጠለ ቢያስቸግረው አውጥቶ በቦታው ሽቦ አስሮበታል። ክላክሱ ግሩም ነው፤ መርማሪያችሁም አጣጥሞ አዳመጠው።

ፊውዝ የሚቃጠለው ገመዱ እንዳይቃጠል ነው! ገመዱ የሆነ ቦታ ተልጦ ከቦዲው ጋር ቢነካካ፣ ባለ 10ዋ ተበጥሳ ነገሩን ታቆመዋለች። ሽቦ አያቆምም። ገመዱ ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ እሳት ይነሳል። እዚያ ሚኒባስ ውስጥ የሚጫነው ሰው ነው። እናንተ ምን ቤት ናችሁ ታዲያ? ጡሩምባ ልትሰሙ ነው ደመወዝ የምትበሉት?

ይቅርታ፣ ከጨዋ ደንብ ወጣሁ።

ትእዛዛችሁን አክብሬ ወንድ ፈለግኩ። ከበራችሁ ውጭ ጥላ ሥር አንድ ኤሌክትሪሻን ተቀምጧል። ነገሩን ስነግረው አረንጓዴ ባለ 30 ፊውዝ ከኪሱ አውጥቶ "ይቺን ልሰካልሽ፣ መቼም አትቃጠልም" አለኝ። አልዋሸም፤ የሚቃጠለው ሌላው ነው። ምንም ሳይነካ አጠገቤ እንዲቆም ብቻ ተስማምተን ከፈልኩት። ተመልሰን ስንገባ መርማሪያችሁ እጁን ጨብጦት "አስተካከልከው?" አለው። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። አለፍኩ። ቦሎዬም ተለጥፏል።

ስለዚህ ለራሴ የምጠይቃችሁ ነገር የለም። የዚያን ሚኒባስ ታርጋ ግን እኔ አልያዝኩትም፤ መዝገቡ እናንተ ጋ ነው። እባካችሁ ሰው ጭኖ ሳይነድ ጥሩትና የፊውዝ ሳጥኑን ክዳን አንሱ።

አክባሪያችሁ፣
ባለ ቀይ ፊውዟ