ገላፊዎች፣ ብርዱ እንዴት ይዟችኋል?

ክረምት ሲገባ የስፖርት ጋዜጠኞቻችን ባለቅኔ ይሆናሉ። ፕሪሚየር ሊጉ ዋንጫውን ሸልሞ ተበትኗል፤ ክለቦቹ ፈራሚ ፍለጋ ላይ ናቸው፤ ብሔራዊ ቡድኑ «የሜዳዬ ጨዋታ» የሚለውን የት እንደሚጫወት ገና አልተነገረም። የአየር ሰዓቱ ግን ተገዝቷል፣ ስፖንሰሩም ከፍሏል። ስለዚህ አዘጋጁ ጉሮሮውን ይጠርግና «ውድ አድማጮቻችን፣ ብርዱ እንዴት ይዟችኋል?» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ያለው ሃያ ደቂቃ የታወቀ ነው፦ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት፣ የሚያፈስ ጣሪያ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ የተገለበጠ ጃንጥላ፣ ጭቃ የበላው ጫማ፣ ጠዋት ከብርድ ልብስ ለመውጣት የሚደረገው ትግል። ረዳቱ ይስቃል፤ ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ቴክኒሺያንም ይስቃል፤ ሳቁ ሳያልቅ ወደ ዝውውር ወሬ ይታለፋል። ለዚህ ወግ ተገቢው ምስጋና እስካሁን አልቀረበለትም። ምስጋናው ደግሞ መምጣት ያለበት ወጉ በጣም ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች ነው፤ ማለትም ከገላፊ።

ገላፊ የአገራችን የመጨረሻ ኬላ ናት፤ ከእሷ ወዲያ ጂቡቲ ነው። ከአዲስ አበባ የተነሳ ከባድ መኪና መተሐራን፣ አዋሽ ሰባትን፣ ገዋኔን፣ ሚሌን፣ ሎጊያንና ሰመራን አልፎ እዚያ ሲደርስ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ጥሎ መውረዱ ነው። በሰኔና በሐምሌ በዚያ መስመር ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ መዋል ወግ ነው፤ የመኪናው በር እጀታ በጨርቅ ካልሆነ አይያዝም፤ ሰዉ ሥራውን በማለዳና በአመሻሽ አድርጎ ቀትሩን በጥላ ሥር ያሳልፋል። እንግዲህ በዚህ ሰዓት፣ ሰልፍ ይዞ ከመኪናው ሥር ምንጣፍ ዘርግቶ ለተጋደመ ሾፌር፣ በስልኩ ድምፅ ማጉያ «ወፍራም ጃኬታችሁን እንዳትረሱ» የሚል ወንድማዊ ምክር ሲደርሰው ምን ያህል እንደሚጽናና መገመት ነው። ስንት ጉባኤ ተቀምጦ ያልቻለውን፣ ደጋና ቆላን አንድ የማድረጉን ነገር፣ አዘጋጁ በአንዲት ሰላምታ ፈጽሞታል። ከእንጦጦ እስከ ገላፊ ሁላችንም በርዶናል።

የሚገርመው የስፖርት ጋዜጠኛ የቁጥር ሰው መሆኑ ነው። አንድ የግራ ተመላላሽ በ90 ደቂቃ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሮጠ፣ ስንት ኳስ እንዳቀበለ፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ወደ ኋላ እንደነበር ያውቃል። የሙቀት ቁጥርም ቢሆን አይጠላም፤ ከየት እንደመጣ ማየት ብቻ ነው የሚፈልገው። በሐምሌ 2014 እንግሊዝ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ 40 ዲግሪን አልፋ 40.3 ስትመዘግብ ወሬው ዓለምን ዞረ፤ እኛም ዘንድ ደርሶ ለእንግሊዞች አዘንን። ያው 40 ዲግሪ በሰመራ ግን ዜና አይደለም። በራሳቸው በጋዜጠኞቹ ቋንቋ ብናስቀምጠው፣ የእንግሊዙ 40 በውድ ዋጋ የመጣ አዲስ ፈራሚ ነው፤ የሰመራው 40 ከታዳጊ ቡድን ያደገ የሰፈር ልጅ ነው፤ ማን ስሙን ይጠራል? ክብረ ወሰን ሲባል ከእንቅልፉ የሚነቃ ሙያ ደግሞ የአፋሯን ዳሎልን ዘንግቷታል። በፈረንጆቹ ከ1960 እስከ 1966 በተያዘው መዝገብ የዳሎል የዓመት አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነበር፤ ይህም ሰው በኖረበት ቦታ ከተመዘገበው ሁሉ ከፍተኛው ሆኖ ይጠቀሳል። ልብ በሉ፣ ይህ አማካይ ነው፤ ሌሊቱም፣ «ብርዱ» ወርም ተደምሮበት። በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር የተሰበረብንን ክብረ ወሰን እስከ ሰከንድ ክፍልፋይ እያስታወስን የምናዝን ሰዎች፣ ስድሳ ዓመት የቆየውን የገዛ አገራችንን ቁጥር የሚያነሳልን አዘጋጅ አጥተናል።

እዚህ ላይ «ሙቀት የአየር ትንበያ ጉዳይ ነው፤ ከስፖርት ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው መልካም ነበር፣ መልሱን ከማንም በላይ የሚያውቁት ጠያቂዎቹ ራሳቸው ባይሆኑ። በመስከረም 2012 የዶሃው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ሙቀቱን ሽሽት በእኩለ ሌሊት ተጀመረ፤ እንዲያም ሆኖ ከ68 ተወዳዳሪዎች 28ቱ አቋረጡ። ሦስቱም የእኛ ሯጮች ካቋረጡት ውስጥ ነበሩ፤ አንዷም መጨረሻው ላይ አልደረሰችም። ከሳምንት በኋላ በዚያው ከተማ አየሩ ለዘብ ሲል ሌሊሳ ዴሲሳና ሞስነት ገረመው አንደኛና ሁለተኛ ወጡ። የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን በሙቀት ፍራቻ ወደ ሳፖሮ ተወስዷል። የኳታሩ የዓለም ዋንጫ ከዘመናት ልማዱ ወጥቶ በኅዳር የተደረገው ለሌላ አይደለም። በሰኔ 2017 በአሜሪካ በተካሄደው የክለቦች የዓለም ዋንጫ፣ በሲንሲናቲ የቦሩሲያ ዶርትሙንድ ተቀያሪዎች ፀሐዩን ፈርተው የመጀመሪያውን አጋማሽ ከመልበሻ ክፍል ሆነው በቴሌቪዥን ተከታተሉ። ፊፋ እንኳ ተጫዋቾች ቆመው ውሃ የሚጠጡበትን እረፍት ሲደነግግ ሙቀትን፣ እርጥበትንና የፀሐይ ጨረርን አንድ ላይ የሚያሰላ መለኪያ አስቀምጧል። በፊፋ ዘንድ ሙቀት እንደ ቀይ ካርድ የጨዋታ ሕግ ነው። በእኛ ስቱዲዮ ሙቀት ስፖርት የሚሆነው ዶሃ ሲደርስ ነው፤ ሚሌ ላይ ሳለ ገና ፓስፖርት አላወጣም።

ሌላው ተቃውሞ ጨዋ ነው፦ ይህ እኮ ጨዋታ ነው፤ አብዛኛው አድማጭ ደገኛ ነው፤ አፋር ደግሞ በራሱ ቋንቋ የሚያሰራጭ የራሱ መገናኛ ብዙኃን አለው። የመጨረሻው እውነት ነው፤ ማንም የአፋርኛ ፕሮግራም እንዲያዘጋጅ አዲስ አበባን አልለመነም። ጨዋታ ነው የሚለውም እውነት ነው፤ ጨዋታ ባይሆን በሽሙጥ ማን ይመልሰው ነበር? የማያስኬደው መካከለኛው ነው። በዚያ መስመር ላይ የሚያዳምጠው ማን እንደሆነ ይታወቃል፦ ከአዳማ፣ ከደሴ፣ ከወልቂጤ የወረደው ሾፌርና ረዳቱ፣ ሎጊያ ምግብ ቤት የከፈተችው ወይዘሮ፣ ሰመራ ዩኒቨርሲቲ የተመደበው ተማሪ፣ ሚሌ ጉምሩክ የሚሠራው ሠራተኛ። ሁሉም በአማርኛ ኳስ ይሰማሉ፤ ኤፍኤሙ ቆላ ሲወረድ ቢሳሳም ስልክ አለ። አገሪቱ ከውጭ የምታስገባው ሸቀጥ ዘጠና በመቶ ገደማው በጂቡቲ በኩል ይመጣል፤ የሚበዛው ደግሞ በዚህ መንገድ። ክረምት መብራት ሲጠፋ የስቱዲዮውን ጄኔሬተር የሚያስነሳው ናፍጣ በቦቴ ተጭኖ የመጣው በዚያ ሙቀት ውስጥ ነው። አዘጋጁ ስለ ብርድ የሚያወራበትን ኃይል ያመጣለት ሰው ብርድ የለበትም፤ ይህን ማወቅ ወጉን የሚያበላሸው አይመስለኝም፣ እንዲያውም ያጣፍጠዋል።

«ለምደውታል» የሚባለው ነገርም አለ። ይህ አባባል ደግሞ በአንድ ጊዜ አዛኝም ጥበበኛም ያስመስላል፤ በሌላ ሰው መከራ ላይ ሲነገር ምንም አያስከፍልም። እስቲ ራሱ የስፖርቱ ሳይንስ ይናገር። አካል ሙቀት ይለምዳል፤ ላቡ ቶሎ መውጣት ይጀምራል፣ በላቡ የሚወጣው ጨው ይቀንሳል፣ ልቡም ይረጋጋል። ለዚህ ግን በየቀኑ እየተለማመደ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያስፈልገዋል፤ ከቆላ ርቆ ሲሰነብት ደግሞ የለመደውን ይረሳል። አሠልጣኞች ቡድን ወደ ሞቃት አገር ሲሄድ ቀድመን እንግባ የሚሉት ለዚህ ነው፤ ጥያቄያቸው ሲዘገይ «ፌዴሬሽኑ ምን ነካው?» ብሎ በቁጣ የሚጮኸውም የእኛው አዘጋጅ ነው። ትክክል ነው፣ ይጩህ። ነገር ግን ቡድኑ የሚጠይቀው አሥር ቀን ነው፤ ማታ ከደጋ ተነስቶ በማግስቱ ገላፊ ሰልፍ ላይ የሚውለው ሾፌር ያገኘው አንዲት ሌሊት ናት፣ እሷንም በመሪ ላይ። ለምዶ ሳይጨርስ ጭነቱን ይዞ ወደ ደጋ ይመለሳል፤ ከዚያም እንደገና ይወርዳል። ተወልዶ ያደገው አርብቶ አደርም ቢሆን የለመደው ከቀትር ፀሐይ እንዴት እንደሚሸሽ ነው፤ ይህ ደግሞ ትልቅ ጥበብ ነው፣ የቶኪዮው ማራቶን ወደ ሳፖሮ የተወሰደው በዚሁ ጥበብ ነው። ጂቡቲዎቹም ጥበቡን ያውቃሉ፤ አቅም ያለው በሐምሌ ወደ ደጋችን ይወጣል፣ ምናልባትም ታክሲ ውስጥ ሆኖ ስለ ብርድ የሚነገረውን ወግ የሚያጣጥመው እሱ ብቻ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ግን ይህ ነው፦ አፋርም እኮ ክረምት አለው። አዎን፣ አለው። ከግንቦት ጀምሮ የሚፈጀው ሐጋይ ሲያልቅ በሐምሌ ካርማ ይገባል፤ ከዘነበ ግጦሹ ይለመልማል፣ ግመሏም ወተት ትሰጣለች። ስለዚህ «ዝናቡ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አዘጋጅ አልተሳሳተም፤ የጠየቀው ስለ ሌላ ዝናብ ነው እንጂ። አፋር የሚደርሰው ዝናብ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ከላዩ የሚወርደው፣ ሁለተኛው ከአዲስ አበባ የሚላክለት። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ይነሳል፤ የአቃቂ ወንዞች የመዲናዋን ጎርፍ ከነቆሻሻው ሰብስበው በአባ ሳሙኤል በኩል ይጨምሩበታል፤ ቆቃን አልፎ በአሚባራ፣ በገዋኔ፣ በዱብቲና በአሳይታ በኩል ይወርድና ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። በነሐሴ 2012 ይኸው ወንዝ ሞልቶ በአፋር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቀለ። ማለትም በቆሎ እየተቆረጠመ «ኧረ ዛሬ ደግሞ እንዴት ያለ ዝናብ ነው!» የተባለለት ያ የሰፈር ዝናብ፣ ቆይቶ የአንድን ሰው ፍየሎች ይዞ ሄዷል። ሌላው ወሬ ሁሉ ቀጥታ ስርጭት በሚሆንበት ፕሮግራም ላይ ይህ ብቻ በቅጂ እንኳ ሳይሰማ ይቀራል።

ይህን ሁሉ ሲሰሙ «እንግዲህ የአፋርን ስፖርት እናንሳ» የሚሉ ቅን ሰዎች ይኖራሉ፤ በዚህም መጠንቀቅ ያሻል። ከ2013 ወዲህ ሊጉ በቴሌቪዥን መታየት ጀምሮ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ሲካሄድ ጅማን፣ ባሕር ዳርን፣ ሐዋሳን፣ አዳማን፣ ቆላዋን ድሬዳዋንም አዳርሷል፤ ሰመራን ግን አላያትም። ሜዳው ደረጃውን አያሟላም ይባል ይሆናል። ይህን የሚለው ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍንበትን የሰኔ 2014ቱን «የሜዳችን ጨዋታ» ማላዊ ሊሎንግዌ ላይ ያደረገ አገር ነው፤ ደረጃ የጎደለው ሜዳ ሁሉ ከካርታ ይውጣ ከተባለ ማን ይተርፋል? አፋሮች በበኩላቸው ኮዕሶ የሚሉት የቆዳ ኳስ ጨዋታ አላቸው፤ ገላጣው ሜዳቸው ላይ በሁለት ወገን ተከፍለው ኳሱን ላለመነጠቅ ይታገላሉ። ኳስ መያዝ የሚባለውን ፍልስፍና ካታሎንያ ፈለሰፈችው እያልን ስንት ክረምት አሳልፈናል! በሁለት እግር የመቆምም ነገር ቢሆን፣ በኅዳር 1967 ሐዳር ላይ የተገኘችው ሉሲ ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በፊት እዚያው ስትራመድ ነበር፤ ዝውውሯን ግን ማንም አልዘገበውም።

ስለዚህ ልመናው ትንሽ ነው። ወጉ ይቀጥል፣ በቆሎውም ይጠበስ፤ ከሁለት የዝውውር ወሬ መሀል ግን ሠላሳ ሰከንድ ተቆርጦ የአዋሽ ሰባት፣ የገዋኔ፣ የሰመራና የገላፊ የዕለቱ ሙቀት እንደ ሊግ ሰንጠረዥ ይነበብ፤ ማን እንደመራ፣ ማን ከትናንት ሁለት ዲግሪ እንዳሻሻለ፣ ማን ወራጅ ቀጠና ውስጥ እንዳለ። ከሥሩም ሾፌሩ ቀትር ላይ የት ጥላ እንደሚያገኝ ትንሽ ነገር ይጨመርበት። ሰዓቱን ማን ይከፍላል ለሚለው ስጋት መልሱ ቀላል ነው፤ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ያልሞላበት ከተማ የለም፣ በክረምት ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሚገዛቸው አጥተው ማስታወቂያ ፍለጋ ላይ ናቸው።