ባረጀ ቁጥር የሚወደድ ስልክ

ድሮ ስልክ የምንለውጠው ስለተበላሸ አልነበረም፤ የሥራ ባልደረባችን ስለለወጠ ነበር። አንዱ አዲስ ይዞ ቢሮ የገባ ዕለት የሁላችንም ስልክ ባንዴ ይታመማል፤ ባትሪው አልቆይ፣ ካሜራው አልጠራ ይላል። እስከ ደሞዝ ድረስ እያቃሰተ ይቆይና ይሸኛል።

አሁን የሚታመመው ስልኩ፣ የሚክደው ባለቤቱ ነው። የኔው መስታወት ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል። ቻርጅ የሚያደርገው ገመዱ በካልሲ ተደግፎ ቀና ሲል ብቻ ነው። ሠርግ ላይ ፎቶ ላነሳ ስል «ቦታ የለም» ይለኛል፤ የማጠፋውን ስመርጥ ሙሽሮቹ መኪና ውስጥ ገብተዋል። ምን ሆነ ለሚለኝ ሁሉ ግን «ምን ይሆናል? ይሠራል!» ነው መልሴ።

ክህደቱ የመጣው ከዋጋው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ዋጋ ለገበያ ሲለቀው፣ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ብዙም ሳይቆይ 100ን ተሻገረ። በባንክ ሒሳብ የ300 ዶላር ስልክ ከ17 ሺህ ወደ 30 ሺህ ብር ዘለለ ማለት ነው። (ነጋዴው እንኳ ቀድሞም የሚያሰላው በጥቁር ገበያው ነበር። ቢሆንም ዜናውን ሰምቶ ዝም አላለም።) ቴክኖ እዚሁ አገራችን ይገጣጠማል ብለው የሚያጽናኑኝ አሉ። ይገጣጠማል፤ የሚገጣጠመው ዕቃ ግን የሚገባው በዶላር ነው። ይባስ ብሎ የሚሞሪ ቺፕ አምራቾች ፊታቸውን ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አዙረው፣ ለስልክ የሚተርፈው ተወደደ። ማሽን ግጥም ይጻፍ ተብሎ እኔ የልጆቼን ፎቶ አጠፋለሁ።

አሜሪካ ላለችው የእህቴ ልጅ የስልኩን ነገር ዘወር አድርጌ ነካካሁላት። «አጎቴ፣ የኔም እኮ የ36 ወር ክፍያ አለበት» አለችኝ። ሰላምታዬን አጠናክሬ ዘጋሁ።

በመጨረሻ ዋጋ ልሰማ መርካቶ ወረድኩ። የሱቁ ልጅ ስልኬን አገላብጦ አየና፣

«ጋሼ፣ በስንት ገዙት?»

«በ18 ሺህ።»

«20 ልስጥዎት?»

ከነስንጥቁ! ዓመታት የተገለገልኩበት፣ ሁለቴ ሽሮ ውስጥ የገባ ስልክ አተረፈልኝ። እንደ ባለሀብት ደረቴን ነፋ አድርጌ የአዲሱን ጠየቅኩ።

«52። ለእርስዎ 50።»

«ከዚህ በምን ይበልጣል?»

«በካሜራው! ጨረቃን አቅርቦ ያነሳል።»

ከጨረቃ ጋር ምንም ጉዳይ የለኝም። ጉዳዬ ሁሉ እዚሁ መሬት ላይ ነው፤ እሱም በአብዛኛው ዕዳ ነው። ስልኬን ተቀብዬ ወጣሁ። ሱቁ ስገባ በእጄ አንጠልጥዬው የነበረውን ስወጣ በውስጥ ኪሴ ከትቼ ዚፑን ዘጋሁት።

እዚያው አካባቢ ካለ ጠጋኝ ዘንድ ጎራ ብዬ መስታወቱን ማስቀየር ስንት እንደሚፈጅ ጠየቅኩ። ጠጋኙ ዋጋውን ነገረኝና ፊቴን አይቶ አዘነልኝ።

«ይተዉት ጋሼ። እንዲህ ተሰንጥቆ እያለ ሌባም አይመኘው።»

አመሰገንኩት። 20 ሺህ መባሉን ግን አልነገርኩትም፤ መርካቶ ወሬ ቶሎ ይዛመታል።