የጾም ኩኪስ ከሜሪላንድ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣ ቢቸና።

ስልኩ እንደ ልብ አላገናኝ ስላለን ይህችን ደብዳቤ ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው እጅ ልኬያታለሁ። የምታነቢላት የእህቴ ልጅ ሆይ፣ አያትሽ ስትስቅ ቆም በይላት፤ ከተቆጣች ግን ሁለት መስመር ዝለይ።

እናት ዓለም፣ ያለፈውን ቅዳሜና እሑድ ጓዳ ውስጥ ነው የዋልኩት። አዎ፣ ወንዱ ልጅሽ፣ ሽርጥ ታጥቄ፣ እስከ ክርኔ ዱቄት ለብሼ። ለጎረቤት አትንገሪ ብልሽ እንደማይሆንልሽ አውቃለሁ፤ እንግዲያው ምክንያቱንም ጨምረሽ ንገሪልኝ። ምራትሽ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ስለሆነች ቀን ትተኛለች። የልጆቹ ትምህርት ቤት ደግሞ ለፈረንጅ ገና እያንዳንዱ ቤት ሁለት ደርዘን ኩኪስ ጋግሮ እንዲልክ አዟል። ተጋግሮም አያበቃም፤ በኮከብ፣ በዛፍ፣ በሰው ቅርጽ እየተቆረጠ ባለቀለም ስኳር ይቀባል። ሙሽራ እንኳ እንዲህ አትኳልም።

የእነሱ ገና ታኅሣሥ 16 ነው። እኛ ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያትን ጾም ይዘናል። የፈረንጅ ኩኪስ ደግሞ ቅቤና እንቁላል ካልገባበት ኩኪስ አይባልም። ትልቋ ልጄ "ጾም ላይ ነን ብለን ደብዳቤ እንላክላቸው" አለች፤ እሷ ያንቺ ቢጤ ናት። ትንሹ ግን ለቅሶውን አቀለጠው። እኔም የጾም ኩኪስ ይኖር እንደሆነ ኢንተርኔቱን ጠየቅሁ።

ለካ እዚህ አገር ያለ ነፍስ አባት የሚጾም ሕዝብ አለ! ቪጋን ይባላሉ። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ እኛ በጾም የማንተወውን ማር እንኳ አይነኩም። ይኸውም ዓመቱን ሙሉ ነው፤ የሚፈስኩበት ቀን የላቸውም። ታዲያ እነዚህ ሰዎች በእንቁላል ፈንታ ምን እንደሚያገቡ ገምቺ እስቲ። ተልባ! አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውኃ ይበጠበጥና ትንሽ ሲቆይ ይዝለገለጋል፤ ያ ዝልግልግ ሊጡን እንደ እንቁላል አያይዞ ይይዘዋል። በጾም ቀን "ዛሬም ተልባ ነው?" ብለን ያኮረፍንብሽ ተልባ፣ እዚህ በትንንሽ ከረጢት ታሽጎ የጤና ምግብ ተብሎ ይሸጣል። ዋጋውን አልነግርሽም፤ ከነገርኩሽ ጎተራሽ በር ላይ ዘበኛ ታቆሚያለሽ።

የስኳሩ ቅብ ደግሞ ወጉ በእንቁላል ነጭ መመታት ነው። ለዚህም መላ ተገኝቶለታል። በ2014 በፈረንጅ አቆጣጠር ዦኤል ሮሰል የሚባል ፈረንሳዊ፣ ሽምብራ የተቀቀለበት ውኃ ሲመታ እንደ እንቁላል ነጭ ነጭ አረፋ እንደሚሆን አሳየ፤ ወሬው ዓለምን አዳረሰ። አንቺ ስንት ዘመን ሙሉ ደጅ የደፋሽው የንፍሮ ውኃ እኮ ነው!

ከትምህርት ቤቱ ልጆች አንዷን ስንዴ አይስማማትም ስለተባለ የእሷን ድርሻ በጤፍ ብቻ ጋገርኩ። ጤፍ ግሉተን ስለሌለው ሐኪሞቹ ይፈቅዱላታል። ዱቄቱ አይዳሆ ከሚባል ክፍለ ሀገር የመጣ ነው፤ እዚያ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይዘራል። የቢቸናን ጤፍ ያህላል ብዬ አልዋሽሽም፣ ግን ቀይ ጤፍ ስለሆነ መልኩ ልክ የዝንጅብል ኩኪስ መሰለ። ዝንጅብል፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ጨመርኩ። አሠራሩ ኮረሪማ አይልም፤ እኔ ግን የእናቴ ልጅ ነኝና ያንቺን ኮረሪማ ወቅጬ ነሰነስኩበት። ቤቱ በርበሬ የሚደለዝበትን ቀን መሰለ። ምራትሽ ሳትቀር ከእንቅልፏ ነቅታ መጣች።

ምድጃው እንደ ድፎ ከታችም ከላይም ይግላል፤ ፍም አይጫንበትም፣ ጭሱም ዓይን አያስለቅስም። በፋራናይት 350 ዲግሪ ላይ አድርጎ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ነው። እውነተኛው ሥራ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ልጆቹ ቀለም ሲይዙ ነው። ፈረንጆቹ ጫፉ የቆለመመ ቀይና ነጭ ከረሜላ አላቸው፣ በዚያም ቅርጽ ኩኪስ ይቆርጣሉ። ትንሹ የገና ዱላ መሆኑን ሲሰማ ጥንግ አበጀለት፤ ከዚያ በዱላው ጥንጉን ሲመታ ሁለቱም ተሰባበሩና በላቸው። ትልቋ "አያቴ በጾም በቅርጽ ምን ትሠራለች?" አለችኝ። የሽምብራ ዓሣ አልኳት። ወዲያው በቢላ ዓሣ ቀርጻ፣ ቅርፊቱን በሰማያዊ ስኳር ሣለች። ሰው የሚመስለውን ኩኪስ ግን አንዱን ነጭ ጥምጥም አስጠምጥማ፣ ረጅም ጢም አወጣችለትና "መምሬ ናቸው" አለች። ሌሎቹ ከራሳቸው ጀምሮ ሲበሉ መምሬን የሚደፍር ጠፋ። እስካሁን ፍሪጅ ላይ ተቀምጠው ያዩናል።

ሳንታ ክላውስ የሚሉትን ነጭ ጢም ሽማግሌ ሰምተሽ ይሆናል። ሌሊት በጭስ መውጫ ገብቶ ስጦታ ያኖራል፤ ልጆችም ኩኪስና ወተት ያስቀምጡለታል። መነሻው በ4ኛው መቶ ዘመን በዛሬዋ ቱርክ የነበረው የሚራው ጳጳስ ቅዱስ ኒቆላዎስ ነው ብዬ ስነግራቸው፣ ትልቋ አፏን ይዛ "ጳጳስ ከሆነማ በጾም ወተት አይጠጣም!" አለች። ስለዚህ ለሳንታ ተልባ ይበጠበጥለታል ተብሎ ተወስኗል። የዘንድሮ ስጦታ ቢቀንስ ምክንያቱን አውቀሽልኛል።

ሰኞ ሳህኑ ባዶውን ተመለሰ። ከውስጡ ግን የአስተማሪዋ ወረቀት ነበረ፦ "አሠራሩን ላኩልኝ።" ተልባ፣ ጤፍ፣ የሽምብራ ውኃ፣ ኮረሪማ ብዬ ጻፍኩላት። ስለ ጤና ብዙ ያጠናሁ መስሏት አመሰገነችኝ። እኔም ዝም አልኩ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የነፍስ አባትሽን፣ ጾም ላይ ጣፋጭ ማብዛት ቅጣት እንዳለው ቀስ ብለሽ ጠይቂልኝ፤ ስሜን አታንሺ። ታኅሣሥ 29 ድፎውን የምጋግረው እኔ ነኝ። ኮባ እዚህ የለም፣ በረዶ የሆነ የሙዝ ቅጠል ግን የእስያ ሱቆች ይሸጣሉ፤ ይተካል አይተካም የሚለውን ፍርድ ላንቺ ትቻለሁ። ኮረሪማው ግን አልቋል። ተፈልፍሎ፣ ደቆ፣ ሁለት ላስቲክ ለብሶ ወደዚህ በሚመጣ ሰው ግማሽ ኪሎ ላኪልኝ። ለገና ባይደርስ ለፋሲካ ይደርሳል።

ልጅሽ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ