ኢ ሲተኛ፣ ኤፍ ሲበጠብጥ

አጭር ሞገድ እየሰማን ያደግን ሁሉ ይህን እናውቀዋለን፦ ሬዲዮ የሚንተባተበው ዜናው ዋናው ቦታ ላይ ሲደርስ ነው። «ዛሬ በተሰጠው መግለጫ መሠረት...» ይልና ሽሽሽ። ተመልሶ ሲመጣ ስለ እግር ኳስ ነው። አባቴ «አንቴናውን ያዝ!» ይላል። እይዛለሁ። «ወደ ግራ!» ወደ ግራ እላለሁ። «እዚያው ቁም፣ እንዳትነቃነቅ!» ልጅነቴን ቆሜ ጨረስኩት ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ያልወቀስነው አልነበረም። ባትሪው ነው ብለን ፀሐይ ላይ አሰጣነው፣ ከዚያም በጥርሳችን ነከስነው። ሽቦው ነው ብለን ከጣሪያው ቆርቆሮ ጋር አሰርነው። የጎረቤት ምጣድ ነው አልን። አፈና ነው አልን፤ አንዳንዱ ምሽት እውነትም አፈና ስለነበር በዚህኛው ይቅርታ አንጠይቅም። ነገር ግን ማንም ያላፈነው ጣቢያም ያው ይንቀጠቀጥ ነበር። ለካ የሚበጠብጡን ከላይ ያሉት ጎረቤቶች ናቸው።

እነዚህ ጎረቤቶች አዮኖስፌር በሚባለው የላይኛው ከባቢ አየር ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ዲ፣ ከዚያ በላይ እስከ 150 ድረስ ኢ፣ ከኢ በላይ ደግሞ ኤፍ። ዲ የቀን በላተኛ ነው፤ የመካከለኛውን ሞገድ ጉልበት ሲውጥ ይውላል፣ ማታ ይጠፋል። አጭር ሞገድን ከሩቅ አገር አንጥሮ የሚያመጣልን በዋናነት ኤፍ ነው። እናመሰግነው ነበር፣ ጠባዩ ባይከፋ።

ቀን ቀን ኢ ይዞት ይውላል። ኤፍ ላይ የሚጠራቀመው የኤሌክትሪክ ግፊት የምድርን የመግነጢስ መስመር ተከትሎ ወደ ኢ ይወርዳል፤ ኢ ደግሞ ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋልና ነገሩ እዚያው ፈስሶ ያልቃል። ችግሩ ኢ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚተኛ ዘበኛ መሆኑ ነው። ኢ ላይ ያሉት አዮኖች፣ ማለትም ኤሌክትሮን የጎደላቸው ቅንጣቶች፣ በሞለኪውል መልክ ስለሆኑ ከኤሌክትሮን ጋር ቶሎ ተገናኝተው ይጠፋሉ፤ የኤፍ ኦክስጅን ግን ሌሊቱን ሙሉ ይቆያል። እንግዲህ አስቡት፦ ዘበኛው ተኝቷል፣ ረባሹ ነቅቷል፣ እኛ ደግሞ ዜና ልንሰማ ገና መቀመጣችን ነው።

በዚያ ላይ ልክ በዚያች ሰዓት ኤፍ ወደ ላይ ይገፋል። ከባዱ ከላይ፣ ቀላሉ ከታች ይሆናል፤ ዘይት ላይ ውሃ እንደማፍሰስ ነው። ቀላሉ ከሥር አረፋ ሠርቶ ከባዱን እየሰነጠቀ ይወጣል፣ አንዳንዴም ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ይደርሳል። በዚህ በተቦጫጨቀ ሰማይ ውስጥ ያለፈ ድምፅ እንዴት ደህና ሆኖ ይድረሰን? ቡከርና ዌልስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህንን የኤፍ መበታተን ፔሩ ውስጥ ሁዋንካዮ ላይ አይተው እ.ኤ.አ. በ1938 ጽፈውታል። አባቴ ግን ከዚያ ብዙ ዘመን በኋላም እኔኑ ነበር የሚቆጣው።

ለምን እኛ ላይ? የመግነጢስ ወገቡ በአገራችን ላይ ስለሚያልፍ። የመግነጢስ መስመሩ ከአናታችን በላይ ተጋድሞ ያልፍና ጫፎቹ ሩቅ ቦታ ይወርዳሉ። ከአዲስ አበባ በላይ 400 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው መስመር ኢን የሚያገኘው በሰሜን ቀይ ባሕር አካባቢ፣ በደቡብ ኬንያ ላይ ነው። የእኛ ሬዲዮ ሰላም የሚያገኘው እንግዲህ የቀይ ባሕሩ ኢ ወይም የኬንያው ኢ ትንሽ ካመሸልን ነው! ሁለቱም ጋ ፀሐይ እኩል የምትጠልቅበት ወቅት ሲመጣ ሁለቱም ዘበኞች እኩል ይተኛሉ። ያ ወቅት መቼ ነው? በመስከረምና በመጋቢት ግድም። አዲስ ዓመት ብለን፣ አደይ አበባ ብለን፣ ዘመድ ሰብስበን ሬዲዮ ስንከፍት። ፀሐይ በየ11 ዓመቱ ገደማ ስትጋጋል ደግሞ ይብሳል።

ሌላው አገርም ከዚህ ጣጣ ነፃ አይደለም። ጃፓን ላይ በእነሱ በጋ ሌሊት ኢ ራሱ ይቆጣና የኤሌክትሪክ መስኩን ወደ ላይ ይልካል፤ ኤፍ ይናወጥና መልሶ ወደ ታች ይልካል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ ያባብሱታል። እኛ ጋ ኢ ሲተኛ ነው ጠቡ፣ እነሱ ጋ ሲነቃ።

አሁን ሬዲዮ የሚሰማ ማን አለ ትሉ ይሆናል። አረፋው ግን ሬዲዮ የማይሰማውንም አይተውም፤ ቀያሽ ጓደኛዬን ጠይቁት። የርክክቡ ቀን ደርሶበት አንድ የመጋቢት ምሽት ከሁለት ሰዓት በኋላ በስልክ መብራት ወሰን ይለካ ነበር። ጂፒኤሱ ፊክስ ይላል፣ ቦታው በትክክል ተያዘ ማለት ነው፤ ነጥቡን ሊይዝ ሲል ፍሎት ይላል፣ ልኬቱ ተንሳፈፈ ማለት ነው። ይጠብቃል፣ ፊክስ ይላል። ጎንበስ ሲል፣ ፍሎት። ሳተላይቱ ከ20000 ኪሎ ሜትር በላይ የላከው ምልክት ደህና መጥቶ መጥቶ እዚሁ ደጃችን ላይ አረፋ ውስጥ ይገባል። ባለይዞታው «መሣሪያው አርጅቷል» አሉ። ረዳቱ «ዛፉ ነው» አለ። በመጨረሻ ረዳቱ ምሰሶውን ይዞ እንዲቆም ታዘዘ። «እንዳትነቃነቅ!» ሲባል ስሰማ የልጁ ነገር አሳዘነኝ።

አረፋዎቹ አብዛኛውን ጊዜ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ እየረገቡ ይሄዳሉ። ያኔ የአባቴ ሬዲዮ ጥርት ይላል፤ ሽሽታ የለ፣ መንተባተብ የለ፣ እያንዳንዱ ቃል ጎልቶ ይሰማል። በዓረብኛ። አባቴ አንድም ቃል ሳይገባው ትንሽ ያዳምጥና፣ ለባትሪው አዝኖ ይዘጋዋል።